ቃል የሚቈጥረው መኪናና የኅብረተ ሰብ ጥናት

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚዘጋጅበት ወራት በደረሰ ቍጥር በመኝታ ቤቶቻችንና በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃዎች ላይ አንድ ንግግር እየተደጋገመ ይሰማል። «ያን ሁሉ ጋዜጣ ማን ያነበዋል? ለኮምፒዩተሩ ሰጥቼ አስቈጥረዋለሁ» ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ «መኪና የሰውን ነገር ምን ያውቃል!» ብሎ ይሥቅበታል። በበኩላችን እንደሚመስለን ሁለቱም የተሳሳቱት በአንድ ምክንያት ነው፤ ይኸውም መኪናው በእርግጥ ምን እንደሚሠራ ጠይቀው ባለመረዳታቸው ነው። ስለዚህ የኅብረተ ሰብ ሳይንስ ተማሪዎች የሆንን ጥቂት ጓደኛሞች ከንባባችንና ከገዛ ስሕተታችን ያገኘነውን ያህል በዚህች መጽሔት ለማካፈል አሰብን። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ አዲስ መስሎ ቢታይም ሥሩ ቈየት ያለ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃሮልድ ላስዌል የሚባለው አሜሪካዊ የፖለቲካ ሊቅ በዋሽንግተን በኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የጦርነቱን ፕሮፓጋንዳ ከረዳቶቹ ጋር እየቈጠረ ያጠና ነበር። የትኛው ቃልና የትኛው መፈክር ስንት ጊዜ ተነሣ? የተነሣውስ በመልካም ነው ወይስ በክፉ? ሥራው ሁሉ በሰው ዓይንና በእርሳስ የሚሠራ ነበር። በ1952 በርናርድ ቤረልሰን የዚህን ዓይነት ጥናት ደንብ በመጽሐፍ አወጣ። ነገር ግን ቈጣሪዎቹን ሁልጊዜ የሚያስጨንቃቸው አንድ ችግር አለ፤ አንዱ አንባቢ «ይህ ጽሑፍ ተቃውሞ ነው» ሲል ሌላው «የለም፥ ምክር ነው» ይላል። በ1960 ጄኮብ ኮኸን የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ለዚህ አንድ መለኪያ አበጀ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች ጽሑፉን ሳያነቡ ሳንቲም እየወረወሩ «አዎን» እና «አይደለም» ቢጽፉ እንኳ ግማሹን ያህል ጊዜ ይስማማሉ። ስለዚህ መለካት ያለበት ስምምነቱ ብቻ ሳይሆን በዕድል ሊገኝ ከሚችለው በላይ ያለው ስምምነት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢያችን በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

መኪናው ወደ መጻሕፍት የገባው ደግሞ በአንድ መነኵሴ እጅ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። ሮቤርቶ ቡሳ የሚባል ጣሊያናዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በ1949 ወደ አሜሪካ ሄዶ የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ አለቃ የነበረውን ቶማስ ዋትሰንን አነጋገረ፤ የቶማስ አኵዊናስን መጻሕፍት ቃል በቃል ለቅሞ ማውጫ ለማበጀት እንዲረዳው ለመነው። ቃሎቹ ወደ 11 ሚሊዮን ይደርሱ ነበር። በሚበሳ ካርድ ተጀምሮ ሥራው ተፈጽሞ እስኪታተም 30 ዓመት ያህል ወሰደ። የእኛ የመጻሕፍት መምህራን ይህን ሲሰሙ ምን ይሉ ይሆን እያልን አንዳንድ ጊዜ እንጨዋወታለን፤ በአንድምታው ትርጓሜ አንድ ቃል «አንድም… አንድም…» እየተባለ ሦስትና አራት ፍቺ ሲያገኝ፥ መኪናው ግን ያንኑ ቃል አንድ ብሎ ይቈጥረውና ያልፋል።

የመቍጠር ኀይል በግልጽ የታየበትን ጉዳይ ትንሽ ሰፋ አድርገን እንንገር። በ1787 እና በ1788 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እንዲጸድቅ የኒውዮርክን ሕዝብ ለማሳመን «ፑብሊየስ» በሚል የብዕር ስም 85 ጽሑፎች ወጡ። ጸሐፊዎቹ አሌክሳንደር ሐሚልተን፥ ጄምስ ማዲሰንና ጆን ጄይ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ 12ቱን ማን እንደ ጻፋቸው፥ ሐሚልተን ይሁን ማዲሰን፥ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖረ። በ1941 ፍሬድሪክ ሞስቴለርና ፍሬድሪክ ዊልያምስ የዓረፍተ ነገሮቹን ርዝመት ለኩ። የሐሚልተን አማካይ ርዝመት 34.55 ቃል፥ የማዲሰን ደግሞ 34.59 ቃል ሆኖ ተገኘ! ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ቀረ ማለት ነው፤ ሁለቱም የዚያ ዘመን ትምህርት አንድ ዓይነት ረዥም ዓረፍተ ነገር ያስለመዳቸው ሰዎች ነበሩና።

ሞስቴለር ግን ተስፋ አልቈረጠም። ከዴቪድ ዋላስ ጋር ሆኖ እንደ ገና ጀመረና በ1964 ውጤቱን በመጽሐፍ አወጣ። በዚህ ጊዜ የተመለከቱት «ጦርነት»፥ «ነጻነት»፥ «ሕግ» የሚሉትን ታላላቅ ቃላት አልነበረም፤ እነዚህን ማንም ሰው እንደ ርእሱ ያበዛቸዋል ወይም ያሳንሳቸዋል። የተመለከቱት ጸሐፊው ሳያስብባቸው ከብዕሩ የሚወርዱትን ጥቃቅን ቃላት ነው። «አፖን» የሚለውን የእንግሊዝኛ መስተዋድድ ሐሚልተን ከአንድ ሺህ ቃል ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል ሲጽፈው፥ ማዲሰን ግን ከስንት አንዴ ነው የሚነካው። አንደኛው «ሁዋይል» ሲል ሌላው «ሁዋይልስት» ይላል። እንዲህ ያሉትን ምልክቶች በዕድል ሒሳብ አንድ ላይ ሲመዝኑ 12ቱም ጽሑፎች ወደ ማዲሰን አጋደሉ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ያየው አብዛኛው ሊቅ በዚሁ ፍርድ ተስማምቷል።

ይህ ጥናት የተሳካው መኪናው ብልህ ስለ ነበረ እንዳልሆነ ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ጥያቄው ጠባብ ነበር፤ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው መጻፋቸው የታወቀ ሌሎች ጽሑፎች ለማመሳከሪያ ነበሩ። እኛ በሶሲዮሎጂና በፖለቲካ ሳይንስ የምንጠይቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። «ጋዜጣው ስለ ድኻው ያለው አስተያየት ተለውጧልን?» ብለን ስንጠይቅ «አስተያየት» የሚባለው ነገር ራሱ በገጹ ላይ ታትሞ አናገኘውም።

ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የተፈለሰፉት መንገዶች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው የመዝገበ ቃላት መንገድ ነው። በ1960ዎቹ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊሊፕ ስቶንና ጓደኞቹ «ጄኔራል ኢንኳየረር» የሚባል ፕሮግራም አዘጋጁ፤ ቃላትን «በጎ»፥ «ክፉ»፥ «ኀይል» እያሉ በየመደቡ አስቀምጠው መኪናው ከጽሑፉ ውስጥ እየለቀመ እንዲቈጥር አደረጉ። ዘዴው ቀላልና ፈጣን በመሆኑ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ጉድለቱን ግን ቲም ሎክራንና ቢል ማክዶናልድ በ2011 በሚገባ አሳዩ። የአሜሪካ ኩባንያዎች ለመንግሥት በሚያቀርቡት ዓመታዊ መግለጫ ውስጥ ያ የሃርቫርድ መዝገብ «ክፉ» ብሎ ከሚቈጥራቸው ቃላት መካከል ሦስት አራተኛው ያህል በሒሳብ ሰዎች ዘንድ ክፉ እንዳልሆነ አገኙ። «ቀረጥ»፥ «ወጪ»፥ «ካፒታል»፥ «ዕዳ» ለሒሳብ ሠራተኛ የዘወትር እንጀራው ናቸው። የካንሰር መድኃኒት የሚሠራ ኩባንያማ የገዛ ሥራውን በጠራ ቍጥር እንደ ኀዘንተኛ ሲቈጠር ኖሯል ማለት ነው!

ሁለተኛው መንገድ መኪናውን ማስተማር ነው። ሰዎች ጥቂት መቶ ወይም ጥቂት ሺህ ጽሑፎችን አንብበው «ይህ ድጋፍ ነው፤ ይህ ተቃውሞ ነው» እያሉ ምልክት ያደርጉባቸዋል፤ መኪናው ከእነዚህ ምሳሌዎች ተምሮ የቀሩትን መቶ ሺህ ራሱ ይለያቸዋል። ተማሪው ከአስተማሪው እንደማይበልጥ ግልጽ ነው፤ ምልክት አድራጊዎቹ እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ መኪናው የሚማረው ጭቅጭቃቸውን ነው። ቀደም ሲል በልባችሁ ያዙልን ያልነው የኮኸን መለኪያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

በሦስተኛው መንገድ መኪናው ያለ አስተማሪ ይተዋል። በ2003 ዴቪድ ብላይ፥ አንድሩ ኢንግና ማይክል ጆርዳን ያወጡት የርእስ መፈለጊያ ዘዴ በዚህ በኩል በጣም የታወቀው ነው። መኪናው በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አብረው የሚገኙትን ቃላት እየተመለከተ በየቡድኑ ይሰበስባቸዋል፤ «ዝናብ፥ ዘር፥ ማሳ፥ ምርት» በአንድ ወገን፥ «ፍርድ፥ ዳኛ፥ ምስክር» በሌላ ወገን። «ይህ እርሻ ነው፤ ያ ደግሞ ፍትሕ ነው» ብሎ ስም የሚያወጣላቸው ግን ሰው ነው። ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ነው። ስሙን ያወጣው እርሱ ራሱ ሆኖ ሳለ በጽሑፉ ላይ «ኮምፒዩተሩ ስምንት ርእሶች አገኘ» ይላል። ስምንት እንዲሆኑ ያዘዘውም እኮ እርሱ ነው!

አሁን ደግሞ፥ በተለይም ከ2022 ማለቂያ ወዲህ፥ በተራ ቋንቋ ተጠይቀው በተራ ቋንቋ የሚመልሱ መኪኖች በሰፊው ስለተገኙ «ይህን አንብበህ መድብልኝ» ብሎ ማዘዝ ተችሏል። ነገሩ እጅግ ይማርካል። ቢሆንም አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ሲጠየቁ ሁለት ዓይነት መልስ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ባለቤቱ ኩባንያ ፕሮግራሙን በለወጠ ጊዜም ያምናው ጥናት ዘንድሮ ላይደገም ይችላል። ስለዚህ ሰው ካነበበው ጋር ማመሳከሩ ለእነዚህም የግድ ነው።

መኪና በትክክል ሲሠራበት ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ጌሪ ኪንግ፥ ጄኒፈር ፓንና ማርጋሬት ሮበርትስ በ2013 ስለ ቻይና ሳንሱር አንድ ጥናት አወጡ። ወደ 1,400 ከሚጠጉ የኢንተርኔት መድረኮች ሕዝቡ የሚጽፈውን ሳንሱሩ ሳይደርስበት በፊት እየሰበሰቡ አኖሩ፤ ቈይተውም የትኛው እንደ ተሰረዘና የትኛው እንደ ቀረ ተመለከቱ። ሁሉም ሰው ሲገምት የነበረው መንግሥትን የሚነቅፍ ጽሑፍ እንደሚሰረዝ ነበር። የተገኘው ግን ሌላ ነው፤ ባለ ሥልጣንን በብርቱ የሚዘልፉ ብዙ ጽሑፎች ሳይነኩ ሲቀሩ፥ ሰዎችን በአንድነት አደባባይ ሊያወጣ በሚችል ጉዳይ ላይ የተጻፈው ግን፥ መንግሥትን የሚያመሰግን እንኳ ቢሆን፥ ይሰረዝ ነበር። ይህን የሚያህል ክምር በሰው ዓይን ብቻ ማየት አይቻልም ነበር። ሆኖም ጥያቄውን ያሰቡት ሰዎቹ ናቸው፤ ከመኪናው ጋርም ቻይንኛ የሚያውቁ አንባቢዎች ነበሩ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ፤ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣንም ይኸው ነው። እነዚህ ዘዴዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ቃል ማለት በሁለት ባዶ ቦታዎች መካከል ያለ ነገር ነው ቢባል ያስኬዳል። በአማርኛ ግን «ስለማይደግፉን» የሚለው አንድ ቃል ለእንግሊዞች አንድ ሙሉ ሐረግ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቅጥያውን ገፍፎ ሥሩን ማውጣት ይሆናል። ማይክል ጋሰር የተባለው ሊቅ ለአማርኛ፥ ለኦሮምኛና ለትግርኛ «ሆርንሞርፎ» የሚባል ቃል ተንታኝ ፕሮግራም በማዘጋጀቱ ብዙ ረድቶናል። ነገር ግን ቅጥያ መግፈፍ በግዴለሽነት ከተሠራ አደጋ አለው። «ይደግፋል» እና «አይደግፍም» ሁለቱም ሥራቸው ደ-ገ-ፈ ነው። አፍራሹ ቃል በእንግሊዝኛ ለብቻው ቆሞ ይታያል፤ በእኛ ግን በግሡ ራስና ጅራት ላይ የተሰፋ ነው። ሥሩን ብቻ ያስቀረ ሰው ደጋፊውንና ተቃዋሚውን በአንድ ከረጢት ጨምሮ «ድጋፍ በዛ» ብሎ ይመረቃል።

የተሳቢው «ን» ም እንዲሁ ነው። የእንግሊዝኛ መምህራን መኪናው የቃላትን ቅደም ተከተል ስለሚጥል ውሻ ሰውን መንከሱንና ሰው ውሻን መንከሱን አይለይም ይላሉ። በአማርኛ ግን «ውሻው ሰውየውን ነከሰ» ካልን ቃላቱ ቢደበላለቁም እንኳ ተነካሹ በ«ን» ይታወቃል። ቋንቋችን በዚህ በኩል ዕድለኛ ሆኖ ሳለ እኛ «ን»ን እንደ ቈሻሻ ገፍፈን በመጣል የእንግሊዝኛውን ችግር በገዛ እጃችን እናመጣዋለን።

ፊደሉም አለ። ሀ፥ ሃ፥ ሐ፥ ሓ፥ ኀ፥ ኃ በዛሬው አነጋገር አንድ ድምፅ ናቸው፤ ጸ እና ፀ፥ ሰ እና ሠ፥ አ እና ዐ እንዲሁ። «ፀሐይ» የሚለውን ብቻ ብንወስድ ለመጀመሪያው ፊደል 2፥ ለሁለተኛው 6 አማራጭ ስላለ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም ደግሞ በ24 መንገድ። መኪናው እያንዳንዱን እንደ ልዩ ሰው ነው የሚቈጥረው። መፍትሔው ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል መመለስ ነው ይባላል፤ እኛም እንዲሁ እናደርጋለን፤ ግን ዋጋ እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ መውጣቷ ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ የሌባ ሥራ ነው። የጥንቱን ጽሑፍ የሚያጠና ሰው ይህን ልዩነት ሊያጠፋው አይገባም። መጥበቅና መላላትም በጽሕፈት ስለማይታይ «ገና» በዓሉ ይሁን «እስካሁን ያልሆነ» ማለት፥ «አለ» ተናገረ ይሁን ይገኛል ማለት፥ ዙሪያውን ያላነበበ አያውቀውም።

አሁን ስሕተታችንን እንናገር። ባለፈው ዓመት እኛ ጥቂት ጓደኞች የአንድ ዕለታዊ ጋዜጣ የቈዩና የቅርብ ጊዜ እትሞችን ወስደን «ገበሬ» የሚለው ቃል በየዘመኑ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ አስቈጠርን። ቅጥያዎቹን ጠንቅቀናል፤ ፊደሉን አስተካክለናል። በሥዕል ስናወጣው መሥመሩ ወደ ዘመናችን በቀረበ ቍጥር እያዘቀዘቀ ይሄዳል። በጣም ደስ አለን! ከከተማ የወጣ ምሁር ገበሬውን እንዴት እንደ ረሳው አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈን ጨረስን። ሥዕሉን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስንከራከር አሮጌ ጋዜጣ እያወጡ ይሰጡን የነበሩ አንድ አዛውንት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጠጋ ብለው አዩትና፥ «ልጆቼ፥ አርሶ አደሩንስ ቈጠራችሁት?» አሉን።

አልቈጠርነውም ነበር። «የገበሬዎች ማኅበር» በ1975 ከታወጀው የመሬት አዋጅ በኋላ በየገጹ ይነበብ የነበረ ስም ነው፤ የዛሬው ጋዜጣ ግን «አርሶ አደር» ማለትን ይመርጣል። ሰውየው ከማሳው አልጠፋም፤ ከጋዜጣውም አልጠፋም፤ የተለወጠው ስሙ ነው። ሁለቱን ስንደምር መሥመራችን ያ ሁሉ ቍልቍለት አልነበረበትም። የጻፍነውን ገጽ ቀደድነው። ከዚያ በኋላ ግን ከመጀመሪያው የተሻለ ጥያቄ አገኘን፤ ስሙ ለምን ተለወጠ? ከስሙ ጋር የሚመጡት ግሦችስ ተለውጠዋልን? «ገበሬው ጠየቀ» ይባል የነበረው «አርሶ አደሩ ተጠቃሚ ሆነ» ወደ ማለት ሄዷልን? ይህን የጠየቅነው መኪናው ስለ ነገረን አይደለም፤ መኪናው ባይቈጥርልን ኖሮ ግን ወደ ጥያቄው አንደርስም ነበር።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ጉዳይ አለ። ይህ ሁሉ ቈጠራ የተጻፈውን ነው የሚቈጥረው። የአገራችን ሕዝብ አብዛኛው የሚኖረው በገጠር ነው፤ አቤቱታውን የሚያሰማው በሸንጎና በዛፍ ጥላ ሥር፥ በለቅሶ ቤትና በገበያ፥ በቃል ግጥምም ጭምር ነው። ጋዜጣው ስለ እርሱ ይጽፋል እንጂ እርሱ ራሱ በጋዜጣው ላይ አይጽፍም። በስልክ የሚጻጻፈውን ሰብስቦ «የሕዝብ አስተያየት» የሚል ጓደኛችን የሰበሰበው ስልክና መብራት ያለውን ሰው አስተያየት ነው። ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ለማወቅ፥ በ2011 ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ 4 በመቶ ያህሉን፥ ማለትም ከ5 ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትን፥ ቈጥሮ የባሕልን ታሪክ አያለሁ ያለውን የጉግልን ሥራ ማስታወስ ይበቃል። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት እንዳሳየው በዚያ ክምችት ውስጥ የሳይንስ ጽሑፍ ድርሻ በሃያኛው መቶ ዓመት እየበዛ ስለሄደ፥ የሕዝቡ ቋንቋ የተለወጠ የመሰለው አንዳንዱ ነገር የክምችቱ መለወጥ ብቻ ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቻችን አማርኛውን በመኪና ወደ እንግሊዝኛ አስተርጕመው በእንግሊዝኛ መዝገብ «በጎ» እና «ክፉ»ውን ያስቈጥራሉ። በዚህ አንስማማም። ሰምና ወርቁ፥ ሽሙጡና ምርቃት መሳይ እርግማኑ በትርጕሙ ደጃፍ ላይ ይቀራል። «እግዜር ይስጥልን» የሚለው ንግግር ከተገፋ ሰው አፍ ሲወጣ ምስጋና ነውን?

በመጨረሻ እኛ አሁን እንዴት እንደምንሠራ በአጭሩ እንናገር። መኪናውን ከመንካታችን በፊት 100 ጽሑፎች በዕጣ አውጥተን ሁለት ሁለት ሆነን፥ ሳንነጋገር፥ ለየብቻ እያነበብን ምልክት እናደርጋለን፤ ከዚያ ምልክቶቻችንን እናስተያያለን። ከፊሉን ደብቀን እናስቀምጥና መኪናው ሲጨርስ በዚያ እንፈትነዋለን። የትኛውን ፊደል ወደ የትኛው እንደ መለስን፥ የትኛውን ቅጥያ እንደ ገፈፍን በጽሑፋችን መግቢያ ላይ እናሰፍራለን። መኪናው የሳታቸውንም ጥቂቶቹን እንዳሉ እናትማለን።

በመጀመሪያው ቀን ከ100ዎቹ አንዱ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ የተጻፈ አጭር ደብዳቤ ነበር። ጸሐፊው «መንግሥታችን ለእኛ ማሰቡን ከጐተራችን አየነው» ብሏል። አንደኛችን «ድጋፍ» ብሎ ጽፎበታል፤ ሌላኛችን «ተቃውሞ»። እስኪመሽ ተከራከርንበት፤ የቤተ መጻሕፍቱ ደወል ተደውሎ አስወጡን። ደብዳቤው እስከ ዛሬ ምልክት ሳይደረግበት በመዝገባችን አለ።